ሌዘር፣ ወርቅና ቅቤ፦ ጥያቄና መልስ

ዕቃ በሌዘር ስለመመርመር የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እነሆ፣ ከነመልሳቸው።

ጥያቄ (ወርቅ ቤት፣ ፒያሳ)፦ ሌዘር ተኩሶ ካራት የሚናገር ማሽን አለ ይሉኛል። ወርቁን አይጎዳውም?

መልስ፦ አለ ጋሼ፣ ሊብስ ይባላል። ሌዘሩ ለቅጽበት ያርፍና አንዲት ነጥብ ያተናል። የነጥቧ ሙቀት ከ10,000 ዲግሪ ያልፋል። ከዚያ በሚወጣው ብርሃን ወርቁ፣ ብሩና መዳቡ በየቀለማቸው ይለያሉ። የሚቀረው ጠባሳ በጣም ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ለደንበኛዎ ሳይነግሩ አያስተኩሱ። ዋናው ነገር፣ ማሽኑ የሚያየው ላይ ላዩን ነው። ልብጥ ቀለበት ላይ የመጀመሪያው ምት «ወርቅ» ይልዎታል። እዚያው ደጋግመው ሲተኩሱ ግን ወርቁ እየሳሳ መዳቡ ብቅ ይላል። ካራቱን ለማመንም ማሽኑ ካራታቸው በታወቀ ናሙናዎች መስተካከል አለበት። እኔን ካሉኝ፣ ለሱቅ የኤክስሬዩ ይሻልዎታል። እሱም ጥልቅ አያይም፣ ጠባሳ ግን አይተውም።

ጥያቄ (ተማሪ፣ አራት ኪሎ)፦ ሊብስ ከራማን በምን ይለያል?

መልስ፦ ሊብስ «ምን ምን ንጥረ ነገር አለ?» ለሚለው ነው። ራማንም በሌዘር ነው የሚሠራው፤ ዕቃውን ሳያተን፣ ከላዩ ከሚበተነው ብርሃን አተሞቹ እንዴት እንደተያያዙ ይነግርሻል። አልማዝና የእርሳስሽ ግራፋይት ሁለቱም ካርቦን ናቸው፤ ሊብስ ለሁለቱም «ካርቦን» ይላል። በራማን ግራፍ ላይ ግን አልማዝ 1332 ላይ (መለኪያው «በሴንቲሜትር» የሚባለው የሞገድ ቁጥር ነው) አንድ ሹል ጫፍ ያወጣል፣ የግራፋይት ደግሞ 1580 አካባቢ ነው። ዘዴው የተሰየመበት ህንዳዊው ሳይንቲስት ራማን፣ ብርሃን ሲበተን ጥቂቱ ቀለሙን እንደሚቀይር ያገኘው በ1928 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ1930 ኖቤል ተሸለመበት። ችግሩ ምልክቱ እጅግ ደካማ መሆኑ ነው። ወርቅ ላይ ደግሞ አትልፊ፤ ንጹህ ወርቅ የራማን ጫፍ የለውም።

ጥያቄ፦ የሻኪሶ ኤመራልድ ነው ብለው የሸጡልኝ ድንጋይ መስታወት ቢሆንስ?

መልስ፦ ራማን ይለየዋል። ኤመራልድ ሹል ሹል ጫፎች ያሳያል፣ መስታወት የተንጣለለ ጉብታ። የተፈጥሮ ነው ወይስ በላብራቶሪ የተሠራ የሚለው ግን ሌላ ምርመራ ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ ቅቤ ከፓልም ዘይት ጋር መቀላቀሉንስ?

መልስ፦ በራማን መለየት ይቻላል። ግን አስቀድሞ ንጹህነቱ የተረጋገጠ ቅቤ ብዙ ናሙና መለካት አለበት። አለዚያ ከምን ጋር ታወዳድራለህ? ትንሽ ብቻ ከተጨመረበት ደግሞ መለየቱ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ሌዘሩን ብቻ በኦንላይን ገዝቼ ቤቴ ልሞክር?

መልስ፦ ተው! የሊብስ ሌዘር ብዙ ጊዜ 1064 ናኖሜትር ነው፣ ለዓይን አይታይም። ከቀለበት ላይ ነጥሮ የመጣ ጨረር እንኳ ዓይንህን ከመጨፈንህ በፊት ሬቲናህን (ከዓይን ጀርባ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ያቃጥለዋል። ለዚያው ሌዘር የተሠራ መነጽርና የሚያውቅ ሰው ከሌለ አትንካው።