ጠያቂና መላሽ፦ የአያት ምንሽር በማን ስም ይመዝገብ?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ባለፈው ዓመት አረፈ። ከአባቱ የቀረ አንድ የጣሊያን ምንሽር አለ፤ አማቴ በአርበኝነት ዘመን የማረኩት ነው። መሣሪያው ያለው ምንጃር፣ በባለቤቴ ወንድም ቤት ነው። ከእኔ ጋር አዳማ የሚኖረው ልጄ “የአያቴ ቅርስ ስለሆነ አምጥቼ በስሜ አስመዘግበዋለሁ” ይላል። ጎረቤቶች ደግሞ “የፌዴራሉ አዋጅ መሣሪያ ለመልቀም የወጣ ነው፤ ካስመዘገባችሁ ትነጠቃላችሁ፤ ዝም ብላችሁ ቅበሩት” ይሉናል። ምን ይሻለናል?
(እናት፣ ከአዳማ ቦኩ)

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እህቴ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በፖሊስ ቤት የጦር መሣሪያ መዝገብ ስይዝ ስለኖርኩ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዘው የመጡ ብዙ እናቶችን አነጋግሬአለሁ። ከሁሉ በፊት ዛሬውኑ ልጅዎን ይምከሩልኝ፤ ምንሽሩን ወደ አዳማ እንዳያመጣው። በጋቢ ጠቅልሎ፣ ከጤፍ ጆንያ ሥር ሸጉጦ በሚኒባስ ማምጣት ቀላል ይመስለዋል። ከምንጃሯ ከተማ ከአረርቲ አዳማ ሲመጣ ግን ከአንድ ክልል ወደ ሌላ ክልል እየተሻገረ ነው። ኬላ ላይ የቆመው ፖሊስ የአያቱን ጀግንነት የሚያይበት ዓይን የለውም፤ የሚያየው ፈቃድ የሌለው ጠመንጃ ነው። መያዝ አንድ ነገር ነው፣ ማጓጓዝ ሌላ፤ ሁለቱም ፈቃድ ይጠይቃሉ። ምንም የማያውቀው ሾፌርና አጠገቡ የተቀመጠው መንገደኛም አብረው ሊጉላሉ ይችላሉ።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድን የሚያየው ከሰውየው ጋር አያይዞ ነው። መሣሪያው በውርስ ወደ ቤተሰቡ ሊመጣ ይችላል፣ ፈቃዱ ግን አብሮ አይወረስም። ባለቤትዎ ፈቃድ ኖሯቸው እንኳ ቢሆን በእርሳቸው ስም የተጻፈው ወረቀት ለልጅዎ አያገለግልም። አዋጁ መሣሪያ መያዝ ባህል የሆነባቸውን አካባቢዎች ለይቶ ያያል፤ ምንጃር ያለ ሰውና አዳማ ከተማ ውስጥ ያለ ሰው ጥያቄያቸው በአንድ ዓይን አይታይም። ልጅዎ እዚህ ቢያመለክት መሣሪያው ለምን እንዳስፈለገው መጠየቁ አይቀርም። “የአያቴ ነው” የሚለው መልስ ልብ ይነካል፣ ፈቃድ ለማግኘት ግን ብቻውን አይበቃም።

ስለዚህ የእኔ ምክር ምንሽሩ ባለበት ይቆይና እዚያው ያሉት አጎቱ በስማቸው ያስመዝግቡት የሚል ነው። ወደ ወረዳው ፖሊስ መጀመሪያ የሚሄደው ወረቀት ነው፤ ጠመንጃው “አምጡት” ሲባል ብቻ፣ በተባለው ቀንና መንገድ ይሄዳል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 996 መሠረት ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያውጡ። ቤተሰቡ በስምምነት መሣሪያውን ለአጎት መተዉን በጽሑፍ ያስፍር፤ ልጅዎም ይፈርምበት። ባለቤትዎ ወረቀት ያስቀምጡበት የነበረውን ሣጥን ደግሞ በደንብ ይፈትሹ። ብዙ ጊዜ አሮጌ የፈቃድ ደብተር ወይም የቀበሌ ወረቀት ከመሬት ግብር ደረሰኝ ጋር ታጥፎ ይገኛል። የዚያ ወረቀት ቀን ቢያልፍም መሣሪያው ከየት እንደመጣ ይመሰክራል።

አጎት አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ጥይት አለመኖሩን አረጋግጠው ምንሽሩን ብርሃን ላይ ያውጡትና በርሜሉ ጥይት ከሚጎርስበት ክፍል ጋር በሚገናኝበት በኩል ያለውን ብረት በዘይት በራሰ ጨርቅ ቀስ ብለው ይጥረጉት። ፊደልና ቁጥር ይወጣል፤ የመለያ ቁጥሩ እርሱ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማረኩት ብዙዎቹ ላይ ቴርኒ የሚል የፋብሪካ ስምና በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠራበት ዓመት ተቀርጾ ይታያል። ቁጥሩን በወረቀት ይገልብጡ፣ በስልክም ፎቶ ያንሡ። በብርጭቆ ወረቀት ግን እንዳይፍቁት አደራ! ዝገት ለማስለቀቅ ብለው ቁጥሩን ያጠፉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ቁጥሩ የጠፋ መሣሪያ ይዞ የሚቀርብ ሰው “ሆን ብሎ ነው የፋቀው” ተብሎ ይጠረጠራል።

የጎረቤቶችን ፍርሃት አልንቅም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ “በሁለት ቀን ውስጥ መሣሪያችሁን አስመዝግቡ” ሲባል ብዙ ሰው የደነገጠው በከንቱ አልነበረም፤ ወቅቱ ጦርነት ነበር። ፈቃድ ሊታገድና ሊሰረዝ እንደሚችልም አልደብቅዎትም። ነገር ግን በስሙ የተመዘገበ ሰው ቢወሰድበት እንኳ ቁጥሩን ጠርቶ “የት አደረሳችሁት?” ብሎ አቤት የሚልበት መሠረት አለው። ያላስመዘገበ ሰው በምን አፉ ይጠይቃል? ቅበሩት ያላችሁ ጎረቤትም ጉድጓዱ በተገኘ ቀን አብሯችሁ ችሎት አይቆምም። አማትዎ ነፍሳቸውን ለአደጋ ሰጥተው የማረኩት መሣሪያ ከመሬት በታች ዝጎ እንዲበሰብስ መመከሩ እኔን በጣም ያሳዝነኛል። ከቤተሰቡ ማንም ኃላፊነቱን መውሰድ ካልፈለገ ለፖሊስ አስረክቡ፤ ቁጥሩ የተጻፈበት ማኅተም ያለው ደረሰኝ ሳይዙ ግን ከቢሮው እንዳይወጡ።

ጥያቄ፦ ክላሽ ከአንድ ሰው በመንደር ውል ገዝቻለሁ፤ ምስክሮችም ፈርመዋል። ላስመዘግብ ብሄድ እታሰራለሁ?
(ነጋዴ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ሊያስጠይቅዎት ይችላል፤ አይጠየቁም ብዬ አላታልልዎትም። የመንደር ውል በሬ ለመግዛት ያገለግል ይሆናል፣ ጠመንጃ ግን ያለፈቃድ አይሸጥም፣ አይገዛም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ መሣሪያው ከመንግሥት ግምጃ ቤት ወይም ከሚሊሻ የወጣ ሆኖ ቁጥሩ እየተፈለገ ከሆነ ነው። ብቻዎን አይሂዱ፤ መጀመሪያ ጠበቃ ያነጋግሩ፣ ከዚያም በጠበቃው በኩል በገዛ ፈቃድዎ ይቅረቡ። ተይዞ መቅረብና ራስ አቅርቦ መጠየቅ በዳኛ ፊት እኩል አይመዘኑም። ፈርተው ለሌላ ሰው እንዳይሸጡት ብቻ፤ ያኔ ገዢ ብቻ ሳይሆኑ ሻጭም ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ያለው ሽጉጥ አለኝ፤ ማታ ማታ ካርታውን (የጥይት መያዣውን) አውጥቼ ሽጉጡን ትራስ ሥር አደርገዋለሁ። ትንንሽ ልጆች አሉኝ። ይበቃል?
(አባት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አይበቃም። ካርታው ቢወጣም ከዚያ በፊት ተቀባብሎ ከነበረ አንድ ጥይት ውስጥ ይቀራል፤ “ባዶ ነው” በተባለ መሣሪያ በቤት ውስጥ ሰው ይሞታል። ካርታውን ካወጡ በኋላ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረው የሽጉጡን የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ይሳቡት፣ ውስጡን በዓይንዎ ይዩ፣ በጣትዎም ይዳስሱ። ከዚያ ሽጉጡን በአንድ ሣጥን፣ ጥይቱን በሌላ ሣጥን ይቆልፉ። ትራስ ሥር ግን ከዛሬ ማታ ጀምሮ ምንም አይኑር፤ ልጅ ከእንቅልፉ ነቅቶ መጀመሪያ እጁን የሚሰድደው ወደ አባቱ ትራስ ነው።