መጀመሪያ የቱን ልግዛ ላልከው፦ ስለ ጥቁር ባሩድ ጠመንጃዎች

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። የድሮ ወታደራዊ ጠመንጃ መሰብሰብ ልትጀምር ነው፣ ግድግዳ ላይ ሰቅለህ ማየት ብቻ ሳይሆን መተኮስም ትፈልጋለህ። ከማርቲኒ ሄንሪ፣ ከስናይደርና ከፈረንሳዩ ግራስ (ውጅግራው ማለት ነው) የቱ ይሻለኛል፣ ደግሞስ የመቶ ሃምሳ ዓመት ብረት ፊቴ ላይ አይፈነዳም ወይ ነው ያልከው። ብዙው ሰው "ማርቲኒ ግዛ" ብሎህ አልፏል። እኔ ትንሽ ላርዝመው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከፍርሃቱ እንነሳ። ደህና የተያዘ ጠመንጃ ስላረጀ ብቻ አይፈነዳም። የሚፈነዳው ያልተሠራበትን ሲያበሉት ነው። ጭስ አልባ ባሩድ የመጣው በ1884 ነው፣ ፖል ቪዬይ በሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በዚያ ባሩድ የሚተኩሰው ሌበል የሚባለው ጠመንጃ ተሠራ። አንተ የጠቀስካቸው ሦስቱም ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው፤ የተሠሩት ለጥቁር ባሩድ ነው። ለማርቲኒ ቀለሃውን ሞልቶ የሚገባ ጥቁር ባሩድ የዘወትር ቀለቡ ነው። ያንኑ ቀለሃ በጭስ አልባ ባሩድ ከሞላኸው ግን ቦምብ ነው የያዝከው። ስለዚህ ማን እንደሞላው የማታውቀውን ጥይት በፍጹም አታጉርስ፣ ሻጩ "ኧረ ችግር የለውም፣ እኔም ተኩሼበታለሁ" ቢልህም። ለእነዚህ ጠመንጃዎች በኋላ ዘመን ጭስ አልባ ባሩድ የተሞላ ጥይትም ተሠርቷል፤ ከውጭ አይተህ አትለየውም።

አሁን ወደ ምርጫው። የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ጠመንጃውን ከመምረጥህ በፊት ምን እንደምታበላው ወስን። የሦስቱም ጥይት እንደልብ የሚገኝ አይደለም። ራስህ ነህ የምትሞላው። ቀለሃ ከየት አመጣለሁ፣ እርሳሱን በምን ቅርጽ አቀልጣለሁ ካላልክ ቆንጆ ዱላ ነው የገዛኸው።

በዚህ ሚዛን ለጀማሪ ስናይደርን አስቀድማለሁ። ሰው ይስቃል፣ ይሳቅ። ስናይደር ማለት በ1853 የወጣው፣ በአፈሙዝ የሚጎርሰው ኤንፊልድ ኋላው ተቆርጦ በጎን የሚከፈት ክዳን የተገጠመለት ነው፤ የእንግሊዝ ጦር በ1866 ተቀበለው። በጦር ሜዳ ስሙ የወጣው ደግሞ እኛው አገር ነው፣ በ1868 የመቅደላ ዘመቻ፣ አሮጌ በሚባለው ቦታ ላይ። የቀለሃው ቅርጽ ቀጥ ያለ ነው፣ አንገት የለውም። ባለ 24 ጌጅ የአደን ጠመንጃ የናስ ቀለሃ አሳጥረህ ልታዘጋጅለት ትችላለህ፣ አብዛኛው ተኳሽ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። የጦሩ ጥይት 31 ግራም ገደማ እርሳስና 4.5 ግራም ባሩድ ነበረው። የማርቲኒው እርሳስ ክብደቱ ያው ነው፣ ባሩዱ ግን 5.5 ግራም ይደርሳል። ያቺን አንድ ግራም ትከሻህ ይነግርሃል።

ስናይደር ስታይ ማርክ 3 የሚለውን (ሦስተኛውን ሞዴል) ፈልግ። ከዚያ በፊት ያሉት በርሜላቸው የድሮ ብረት ነው፣ ክዳናቸውንም ተዘግቶ የሚይዘው ይህ ነው የማይባል ነገር ነው። ማርክ 3 ላይ በርሜሉ ስቲል ሆነ፣ ክዳኑም በአውራ ጣት ተጭነህ የምትከፍተው መቆለፊያ አገኘ። ክዳኑን ዝጋና በጣትህ ነቅንቀው። ከተንገጫገጨ ተወው፣ አትግዛው። መዶሻው የሚመታት መርፌ ክዳኑ ውስጥ በሰያፍ ነው የምታልፈው፤ ወደ ውስጥ ግፋትና ራሷ ተመልሳ ትወጣ እንደሆነ እይ። ቆሻሻ ይዟት እንደተገፋች ከቀረች ጥይት አጉርሰህ ክዳኑን ስትዘጋ ሳትፈልግ ልትተኩስብህ ትችላለች። ከተቻለህ ደግሞ ረጅሙን ሳይሆን ባለ ሁለት ቀለበቱን (በርሜሉን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩት ቀለበቶች ማለቴ ነው) አጭሩን ውሰድ። የረጅሙ ቦይ (በርሜሉ ውስጥ እየተጠማዘዘ የሚሄደው) 78 ኢንች ላይ ነው አንዴ የሚዞረው፣ የአጭሩ 48 ላይ። እርሳሱን በደንብ የሚያሽከረክረው አጭሩ ነው።

ማርቲኒ ሄንሪን አልጠላም፣ እንዲያውም ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ከቃታው ስር ያለውን ዘንግ ወደ ታች ስትገፋው ቀለሃው ዘሎ ሲወጣ ደስ ይላል። ግን ቀለሃው ትልቅ ነው፣ አንገቱ ጠባብ ነው፣ ለመሥራት ያስቸግራል። ርግጫውም አይጣል ነው። በ1871 ሲወጣ ቀለሃው ከስስ የናስ ወረቀት የተጠቀለለ ነበር፤ ሲግል እየተጣበቀ ወታደሩን አስለቅሶታል። በ1885 ሱዳን ውስጥ አቡ ክሌያ ላይ ጥይት ተቀርቅሮባቸው የተቸገሩበት ታሪክ ከዚህ ጋር ነው የሚነሳው። ጠመንጃው ራሱ ጥፋተኛ አልነበረም። እንደነዚህ ያሉ የድሮ ጥይቶች ካገኘህ ለስብስብህ አስቀምጣቸው እንጂ አትተኩሳቸው።

ማርቲኒ ላይ ሌላም ጣጣ አለ፣ አስመስሎ የተሠራው። በአፍጋኒስታንና በፓኪስታን መካከል ባለው በኪበር መተላለፊያ አካባቢ አንጥረኞች በእጃቸው የሠሩት ብዙ ነው። አንድ ሻጭ "ንጹህ የእንግሊዝ ሥራ ነው" ብሎ ያሳየኝ ትዝ ይለኛል። ዘውዱ አለ፣ ከስሩ የንግሥት ቪክቶሪያ ፊደሎች አሉ፣ ከስሩ ደግሞ 1903 የሚል ዓመት። ንግሥቲቱ የሞተችው በ1901 ነው! ጠጋ ብዬ ሳየው ኤንፊልድ በሚለው ጽሑፍ ላይ ያለችው "ኤን" ፊደል ፊቷን አዙራለች። ፊደል የማያነብ ሰው አይቶ እንደቀረጸው ያስታውቃል። ለግድግዳ ጥሩ ነገር ነው፣ የራሱ ታሪክ አለው። አልተኩስበትም፣ ምክንያቱም ብረቱ ከምን እንደመጣ ማንም አያውቅም። በ2003 ከኔፓል የጦር ግምጃ ቤት ተገዝተው ከወጡት መካከል ጋሄንድራ የሚባለው በእጅ የተሠራ ጠመንጃ አለ፤ እሱም ማርቲኒ ይመስላል፣ ለእሱም ያው ምክሬ ነው። አብረውት የወጡት እውነተኛዎቹ የእንግሊዝ ማርቲኒዎች ግን ደህና ናቸው፣ በደንብ ከተፈተሹ።

ግራስ በ1874 የወጣ ባለ 11 ሚሊሜትር ነው፣ 25 ግራም እርሳስ፣ 5 ግራም ከሩብ ባሩድ። ከሦስቱ አስተካክሎ የሚመታው እሱ ነው ባይ ነኝ፤ ዒላማ ብቻ የሚያሳስብህ ከሆነ እሱን ውሰድ። መቀርቀሪያውን የሚይዘው የእጀታው ሥር ብቻ ስለሆነ እዚያ ጋ ስንጥቅ ካለ በባትሪ ፈልግ፣ የመቀርቀሪያውና የጠመንጃው ቁጥርም ይመሳሰል።

የአሜሪካውን የ1873 ስፕሪንግፊልድ አልጠቀስከውም። ጥይቱ እስከ ዛሬ ስለሚመረት ሰው ይመክርሃል። ወጥመዱም እዚያው ላይ ነው። ለዘመናዊ ጠንካራ ጠመንጃ ተብሎ በኃይል የተሞላው ጥይትም በዚያ አሮጌ ክዳን ውስጥ ገጥሞ ይገባል።

የትኛውንም ብትመርጥ ከመተኮስህ በፊት በርሜሉን ለካ። ይሄንን ሰው ሁሉ ይዘለዋል፣ ከዚያ "ጠመንጃዬ አይመታም" እያለ ያለቅሳል። በፋብሪካ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመን። ያኔ ሥራው እንደ ዛሬው አልነበረም፣ ሁለት ጠመንጃ ጎን ለጎን አንድ አይሆንም። ምንም ያልተቀላቀለበት ለስላሳ እርሳስ፣ ከአፈሙዙ ትንሽ ወፈር ያለ፣ በርሜሉን ዘይት ቀብተህ በእንጨት ወይም በናስ ዘንግ ቀስ እያልክ ግፋው። በሌላው ጫፍ ሲወጣ የቦዮቹን ቅርጽ ይዞ ነው። በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) የምትለካው እሱን ነው። ሲገባ እጅህ ላይ የሚሰማህን አስተውል፦ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ቀለል ካለህ እዚያ በርሜሉ አብጧል ማለት ነው። በብርሃን ስታየው ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ የጥቁር ቀለበት ጥላ ታያለህ።

ማርቲኒ ላይ አንድ ብልሃት ያስፈልግሃል። ቦዮቹ ሰባት ናቸው። ጎዶሎ ስለሆኑ ከአንዱ ቦይ ፊት ለፊት ሌላ ቦይ የለም፣ ካሊፐሩ ሁሌ አሳንሶ ያሳይሃል። በጣም ስስ የናስ ወረቀት በእርሳሱ ዙሪያ አንድ ጊዜ ጠቅልለህ ለካና የወረቀቱን ውፍረት ሁለት ጊዜ ቀንስ። ረጅሙ ስናይደርም ቦዩ ሦስት ስለሆነ እንደዚያው ነው። ግራስ አራት ስለሆነ አያስቸግርህም። የምትተኩሰው እርሳስ ካገኘኸው ልክ በጣም በትንሹ ወፈር ይበል፣ ለስላሳም ይሁን። 20 እጅ እርሳስ ለ1 እጅ ቲን ለኔ ሠርቶልኛል። በርሜሉ ውስጥ ፈንጣጣ የመሰለ የዝገት ጠባሳ አይተህ ተስፋ አትቁረጥ። ቦዩ እስካለና እርሳሱ በልኩ እስከሆነ ድረስ አስቀያሚ በርሜል የሚገርም ዒላማ ይመታል።

እርሳሱ ቅባት ይፈልጋል። ሰምና ሞራ እኩል ለእኩል አቅልጠህ ቀባው፣ ከዚያ የተሻለ አላገኘሁም። የማዕድን ዘይት ያለበትን ተው፤ ከባሩዱ ጥቀርሻ ጋር ሲገናኝ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። (በነገራችን ላይ በ1857 የህንድ ወታደሮች ለማመፃቸው አንዱ መነሻ ይሄው ቅባት ነበር፤ የኤንፊልድ ጥይት በላምና በአሳማ ሞራ ተቀብቷል የሚል ወሬ ነው ያስቆጣቸው።)

ስትሞላ አንድ ነገር ብቻ እንደ ሃይማኖት ያዝ። በባሩዱና በእርሳሱ መካከል ባዶ ቦታ አይኑር። እርሳሱ ባሩዱን ተጭኖ ይቀመጥ። ባሩዱን መቀነስ ከፈለግህ ትርፉን ቦታ በወፍራም ካርቶን ወይም በሱፍ ውታፍ ሙላው። አንድ የማውቀው ተኳሽ ርግጫ ለመቀነስ ብሎ የማርቲኒውን ባሩድ ግማሽ አድርጎ ላዩን ባዶ ተወው። አልፈነዳም። ግን በርሜሉ መጉረሻው አጠገብ ቀለበት ሠርቶ አበጠ፣ ያ ቆንጆ ጠመንጃ ዛሬ ግድግዳ ላይ ነው።

ሜዳ ስትወጣ መነጽርና የጆሮ መከላከያ ግዴታ ነው፣ በተለይ ስናይደር በክዳኑ ዙሪያ ጋዝ ያመልጠዋል። ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል ከግማሽ በላዩ ጠጣር ሆኖ ነው የሚቀረው። ያ ጥቀርሻ አየሩ ደረቅ ሲሆን በጥቂት ተኩስ ውስጥ ይደርቅና የቀጣዩን እርሳስ አመታት ያበላሻል። መፍትሄው ትንፋሽህ ነው። ክዳኑን ክፈት፣ ባዶ መሆኑን እይ፣ ከኋላ በኩል በቱቦ ረጅም እስትንፋስ ንፋበት። እርጥበቱ ጥቀርሻውን ያለሰልሰዋል። ደግሞ መቶ ሜትር ላይ ከዒላማው በላይ ብትመታ አትደንግጥ፣ አብዛኞቹ የወታደር ጠመንጃዎች ለሩቅ ነው የተቃኙት። የፊት ማነጣጠሪያዋን አደራ በሞረድ እንዳትነካት! ከፍ የምታደርግ ትንሽ የናስ ቆብ አልብሳት፣ ስትጨርስ ታወልቃታለህ።

ጽዳቱ ለነገ አይባልም። ጥቀርሻው እርጥበት ይስባል፣ አድሮ ዝገት ነው። የፈላ ውኃና ሳሙና ይበቃዋል። መጀመሪያ የሚወጣው ውኃ ቀለም የመሰለ ጥቁር ነው፣ ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው፣ ቤተሰብ ይሳደባል፣ ምንም ማድረግ አይቻልም። ጥሩነቱ ውኃው በጣም ከሞቀ በርሜሉ ራሱ ግሎ ቶሎ ያደርቀዋል። ከዚያ በጨርቅ ወልውል፣ ዘይት ቀባ፣ በማግስቱ ነጭ ጨርቅ መልሰህ አሳልፍ። ቡናማ ይዞ ከወጣ አልጨረስክም ማለት ነው። ቀለሃዎቹንም እዚያው ሜዳ ላይ ሳሙና ውኃ ውስጥ ጣላቸው፣ ጥቀርሻው ናስም ይበላል። ስታስቀምጠው አፈሙዙን ወደ ታች አድርግ፣ ዘይቱ ወርዶ የሰደፉን እንጨት እንዳያበሰብሰው።

የሰብሳቢነቱን ነገር ባጭሩ፦ አታብራው። ያ ቡናማ ቀለምና እንጨቱ ላይ ያሉት ማኅተሞች ናቸው ዋጋው። በአሸዋ ወረቀት አንዴ ካሸኸው አይመለስም። ብሎኖቹንም ልካቸው በሆነ መፍቻ ብቻ ፍታ። ሕጉን ደግሞ ከመግዛትህ በፊት ካለህበት አገር ጠይቅ። አሜሪካ እስከ 1898 የተሠራውን እንደ ጥንታዊ ዕቃ ታየዋለች፣ እንግሊዝ ግን ጥንታዊ ብላ የተወችውን ጠመንጃ ልትተኩስበት ካሰብክ ፈቃድ ትጠይቅሃለች። ሌላው ጋ የትኛውም ጠመንጃ ጠመንጃ ነው።

ስለዚህ እኔ ብሆን ማርክ 3 ስናይደር፣ አጭሩን፣ ከዚያ ልምድ ስታገኝ ማርቲኒ። ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት የክዳኑን፣ የማኅተሞቹንና የአፈሙዙን ፎቶ እዚህ ለጥፍ። የአፈሙዙን በብርሃን አንሳው፣ ቦዮቹ እንዲታዩ።