ሽንት የሚንጠባጠበው ፊኛው ስለሞላ ነው

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 38 ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በግንባታ ሥራ ላይ ሳለሁ ወድቄ አከርካሪዬ ተጎድቷል፤ አሁን በምርኩዝ እሄዳለሁ። ሽንቴ ቀኑን ሙሉ ይንጠባጠባል፤ ሰገራዬም አራት ቀን ይደርቅና ሳላስበው ያመልጠኛል። ልብሴ እንዳይርስ ውሃ መጠጣት ቀንሻለሁ፤ ሽንቴ ሲደፈርስ ከፋርማሲ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዝቼ እውጣለሁ። ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ ሐኪም አላየኝም። ለቅሶ ቤት መሄድ እንኳ ትቻለሁ። መጨረሻዬ ምንድን ነው?

መልስ፦ የጻፉልኝ ስለ ሽንትና ሰገራ ቢሆንም፣ እንቅልፍ የነሳዎት ከሰው መለየቱ እንደሆነ ይገባኛል። ጉዳቱ ሁለት ዓመት ስላለፈው ነርቮቹ እንደ ቀድሞው ይመለሳሉ ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም። ነገር ግን ደረቅ ልብስ ለብሶ ለቅሶ ቤት ግማሽ ቀን መቀመጥ እንደ እርስዎ ላለ ሰው የሚቻል ነው።

ብዙ ሰው ሽንት የሚንጠባጠበው ፊኛው መያዝ ስላቃተው ይመስለዋል። እንዲህ ባለ ጉዳት ግን አዘውትሮ የማየው ተቃራኒውን ነው። በአከርካሪ ውስጥ ባለው የነርቭ ገመድ (ኅብለ ሰረሰር) የሚያልፈው መልእክት ሲቋረጥ ፊኛው መሙላቱን አይናገርም፣ በወጉ ተጨምቆም አይራገፍም፤ ሞልቶ ሲተርፈው ብቻ ጠብ ጠብ ይላል። «አሁን ሸንቼ ጨረስኩ» ብሎኝ ከመጸዳጃ ቤት ለተመለሰ ታካሚ ቱቦ ሳስገባለት፣ ከግማሽ ሊትር በላይ ሽንት የወጣበት ጊዜ አለ፤ ሱሪው ግን ርሶ ነበር። የታቆረው ሽንት ግፊቱ እያየለ ሲሄድ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ኩላሊት ደግሞ አንዳች ሕመም ሳያሰማ ሊደክም ይችላል። ከልብስዎ መርጠብ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ውሃ መቀነስ የሞላውን ፊኛ አያራግፈውም። ሽንቱን ያጠቁረዋል፣ ለጠጠርና ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፣ ሰገራንም ያደርቃል። ሳያስቡት የሚያመልጥዎትም ብዙውን ጊዜ በደረቀው ሰገራ ዙሪያ ሾልኮ የሚወጣው ቀጭኑ ነው።

ስለ ሲፕሮው ለስላሳ ቃል የለኝም። ነርቩ በተጎዳ ፊኛ ውስጥ ባክቴሪያ መገኘቱ የተለመደ ስለሆነ፣ ትኩሳትም ሆነ ሌላ የሕመም ስሜት ሳይኖር ሽንት መደፍረሱ ብቻ መድኃኒት አያስውጥም። በዘፈቀደ በዋጡ ቁጥር የሚተርፉት መድኃኒቱን የለመዱት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ኢንፌክሽኑ በእርግጥ ኩላሊት የገባ ዕለት ሐኪሙ የሚያዝልዎትን ሊያጣ ይችላል። እባክዎ ከእንግዲህ በራስዎ አይግዙ።

ሁለት ዓመት ያለ ምርመራ መቀመጥዎ ይበቃል፤ በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። የኩላሊትና የፊኛ አልትራሳውንድ፣ ከሸኑ በኋላ የሚቀረው ሽንት ልኬትና የኩላሊትን አሠራር የሚያሳየው የክሬቲኒን የደም ምርመራ ያስፈልግዎታል። የሚቀረው ብዙ ከሆነ በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ቀጭን ቱቦ በራስዎ እጅ እያስገቡ ማስወጣትን ይማራሉ። አሜሪካዊው ሐኪም ጃክ ላፒደስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1972 እንዳሳዩት፣ ለዚህ በሳሙና የታጠበ እጅና ንጹሕ ቱቦ ይበቃል። መጀመሪያ ቀን እጅዎ ይንቀጠቀጥ ይሆናል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ጥርስ እንደ መፋቅ ይለምዱታል።

ለሰገራው፣ ምግብ ሲገባ አንጀት ስለሚነቃቃ፣ በየቀኑ ከቁርስ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መጸዳጃ ቤት ይቀመጡ፤ ማለስለሻውን ሐኪሙ ይመርጥልዎታል።

የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ወይም የጎን ሕመም ከመጣ፣ ወይም ሽንትዎ ጭራሹን ከቆመ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።