መጽሐፍ ፊልም ሲሆን፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

በልብ ወለድና በፊልም መካከል ስላለው ነገር የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናል። አንዳንዶቹ ከደራስያን፣ አንዳንዶቹ ከተመልካቾች የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ ግን ዞረው ዞረው ካሜራ ከመነሣቱ በፊት ወደ ተፈረመው ወረቀት ይመልሱናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አንድ ፕሮዲዩሰር ልብ ወለዴን ወደደውና «ለ18 ወር ለሌላ ሰው እንዳትሸጥ» ብሎ አነስተኛ ክፍያ አቀረበልኝ። ብፈርም መጽሐፌን ሸጥኩት ማለት ነው?

አልሸጡትም፤ ዋጋው የሚቆረጠው ግን የዚያን ቀን ነው። የቀረበልዎ በሙያው ኦፕሽን የሚባለው ውል ነው። ፕሮዲዩሰሩ የሚገዛው ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ስክሪፕት ያስጽፋል፣ ዳይሬክተርና ተዋናይ ያግባባል፣ ገንዘብ ያፈላልጋል። የተለመደው ከ12 እስከ 18 ወር ሲሆን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ሊታደስ ይችላል። ክፍያው ብዙውን ጊዜ ከሙሉው የግዢ ዋጋ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ ከዚያ የሚያንስም ሞልቷል። የመጀመሪያው ክፍያ ኋላ ከግዢው ዋጋ ላይ ይታሰባል። የእድሳቱ ክፍያ ግን እንዳይታሰብ ይደራደሩ።

ስሕተቱ የሚሠራው ዓይን ሁሉ በኦፕሽኑ ክፍያ ላይ ሲያርፍ ነው። የግዢው ዋጋ ከኦፕሽኑ ጋር አብሮ ይጻፋል፤ «ኋላ እንስማማለን» የሚል ውል ለማንም አይጠቅምም። ማሪዮ ፑዞ «ዘ ጎድፋዘር»ን ጽፎ ሳይጨርስ ነበር ለፊልም ኩባንያው ለፓራማውንት በ12,500 ዶላር ኦፕሽን የሰጠው። ፊልሙ ከተሠራ የሚያገኘው 80,000 ዶላር ነበር። መጽሐፉ በ1969 ወጥቶ በሚሊዮን ሲቸበቸብ ዋጋው ከተቆረጠ ሰንብቷል። መከላከያው አንዲት አንቀጽ ናት፦ መጽሐፉ ይህን ያህል ቅጂ ከተሸጠ ወይም ይህን ሽልማት ካገኘ የግዢው ዋጋ በዚህ ያህል ይጨምራል የምትል።

ከመፈረምዎ በፊት ሦስት ነገር ይፈልጉ። አንደኛ፣ ጊዜው ሲያልፍ ኦፕሽኑ ያለ ምንም ደብዳቤ በራሱ ይውደቅ። ሁለተኛ፣ ፕሮዲዩሰሩ መጽሐፉን ገዛ የሚባለው ሙሉውን ገንዘብ ሲከፍል ብቻ ይሁን፤ «ለመግዛት ወስኛለሁ» የሚል ማስታወቂያ አይበቃም። ሦስተኛ፣ ተገዝቶም ቀረጻው በተወሰነ ዓመት ውስጥ ካልተጀመረ መብቱ ወደ እርስዎ ይመለስ። ይህ የመጨረሻው ሲቀር ምን እንደሚሆን የቶልኪን ነገር ያሳያል። «የቀለበቶቹ ጌታ» ለፊልም የተሸጠው በ1969 ነው። ደራሲው በ1973 ሞተ፣ መብቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆየ፣ ሦስቱ ትልልቅ ፊልሞች መታየት የጀመሩት በ2001 ነው። የመድረክ ቴአትር፣ የሬዲዮ ድራማ፣ የድምፅ መጽሐፍና በዚያው ገፀ ባሕርይ ወደፊት የሚጽፉት ተከታይ መጽሐፍም በውሉ ላይ በስም ተጠርተው ለእርስዎ ይቅሩ። «መብቶቹን በሙሉ» የሚለው ሐረግ እነዚህን ሁሉ ጠራርጎ ይወስዳል።

ጥያቄ፦ «ቅድሚያ ክፍያው ትንሽ ቢሆንም ከተጣራ ትርፉ 5 በመቶ ታገኛለህ» ተባልኩ። ጥሩ ነው?

በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። የዊንስተን ግሩምን ይስሙ። «ፎረስት ጋምፕ» ለፊልም ሲሸጥ ውሉ 350,000 ዶላርና ከተጣራ ትርፍ 3 በመቶ ይል ነበር። ፊልሙ በ1994 ወጣና በዓለም ዙሪያ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በስቱዲዮው መዝገብ ላይ ግን የተጣራ ትርፍ የሚባል አልታየም፤ ታዲያ የባዶ ሦስት በመቶ ባዶ ነው።

ይህ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሲኒማ ቤቶች ከቲኬቱ ድርሻቸውን ያነሣሉ። ከተረፈው አከፋፋዩ በመቶኛ የተቆረጠ ኮሚሽኑን ይወስዳል። ቀጥሎ የማስታወቂያና የቅጂ ወጪ፣ የቀረጻው ወጪ፣ በቀረጻው ወጪ ላይ የሚታሰብ ወለድ፣ የስቱዲዮው የቢሮ ወጪ ይቆረጣል። በዚህ ላይ ታዋቂው ተዋናይና ዳይሬክተሩ ድርሻቸውን የሚያሰሉት ከተጣራው ሳይሆን ከጠቅላላ ገቢው ነው፤ ያም ወጪ ሆኖ ይመዘገባል። ደራሲው የሚቆመው ከሰልፉ ጫፍ ነው። በ1990 የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት፣ አርት ቡክዋልድ የተባለው ጸሐፊ ባቀረበው ክስ፣ እንዲህ ያለውን ስሌት ከሕሊና ውጪ የሆነ ውል ብሎታል። ስሌቱ ግን ዛሬም በብዙ ውሎች ላይ አለ።

ስለዚህ መቶኛውን አይጣሉት፤ ኑሮዎን ግን አይመሥርቱበት። የግዢው ዋጋ ከፊልሙ በጀት 2 ወይም 3 በመቶ ሆኖ ከታችም ከላይም ወሰን ቢበጅለት ይሻላል። ወሰኑ የሚያስፈልገው በጀቱ በኋላ ሊያንስ ስለሚችል ነው። የገቢ ጭማሪም ከፈለጉ በማንም ሰው ሒሳብ ላይ ሳይሆን ሁሉም ከሚያየው ቁጥር ጋር ይታሰር፦ የቲኬት ሽያጩ ይህን ያህል ሲደርስ ይህን ያህል ብር፣ ተከታታይ ከሆነም በየክፍሉ ይህን ያህል።

ጥያቄ፦ ደራሲዋ እያለቀሰች የጠላችው ፊልም እንዴት ይወጣል? ማስቆም አትችልም?

የምትችለው ውሉ ላይ ያስጻፈችውን ያህል ነው። ፒ ኤል ትራቨርስ ዋልት ዲዝኒን ሃያ ዓመት ያህል አስለምናዋለች። በመጨረሻ «ሜሪ ፖፒንስ»ን ስትሰጥ ስክሪፕቱን የማጽደቅ ሥልጣን ይዛ ነበር። የመጨረሻውን ቅንብር (ኤዲቲንግ) የማጽደቅ ሥልጣን ግን አልነበራትም። ፊልሙ በ1964 ተመርቆ ባየችው ጊዜ ከካርቱን ጋር የተቀላቀለው ክፍል እንዲወጣ ጠየቀች፤ አልወጣም። ስክሪፕትና ፊልም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመካከላቸው ዳይሬክተሩ፣ ተዋናዩ፣ ሙዚቃውና የቅንብር ክፍሉ አሉ። ሚካኤል ኤንደም «ማለቂያ የሌለው ታሪክ» የተባለው መጽሐፉ በ1984 ፊልም ሲሆን ጠልቶት ከሰሰ፤ ተሸነፈ።

ስለ ደራስያን መብት የተፈረመው ዓለም አቀፉ የበርን ስምምነት፣ በአንቀጽ 6 ቢስ (6bis)፣ ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ ሲጣመም ደራሲው የመቃወም መብት አለው ይላል። በአሜሪካን ስልት በተዘጋጁ ውሎች ላይ ግን ደራሲው ይህን መብት እንደማይጠቀምበት የሚያስፈርም መስመር አይጠፋም። ያንን መስመር ይፈልጉት።

የማጽደቅ ሥልጣን የሚያገኙ ደራስያን እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ገንዘብ አበዳሪ በአንድ ሰው እምቢታ ሊቆም በሚችል ፊልም ላይ ገንዘቡን አያፈስም። ሊገኝ የሚችለው ምንድን ነው? እያንዳንዱ የስክሪፕት ረቂቅ እንዲደርስዎና በተወሰኑ ቀናት ውስጥ አስተያየት እንዲሰጡ፤ ውጤቱን ካልወደዱት ስምዎ ከፊልሙ ላይ እንዲሰረዝ፤ የቀረጻው ቋንቋና አገር አስቀድሞ እንዲወሰን። በእኛ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም አስተያየት ተሰምቶ ይታለፋል፣ ቋንቋ ግን አይታለፍም። ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝ «የመቶ ዓመት ብቸኝነት»ን በሕይወቱ ሳለ ለፊልም ከልክሎ ኖሯል። ከሞተ በኋላ ልጆቹ ሲፈቅዱ ሥራው ተከታታይ፣ ቋንቋው ስፓኒሽ፣ ቀረጻውም ኮሎምቢያ ሆነ፤ እነሱም በዋና ፕሮዲዩሰርነት ገቡበት። የመጀመሪያው ምዕራፍ በዲሴምበር 2024 ታየ።

ስቲቨን ኪንግ ሌላ መንገድ መረጠ። ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ በ1980 ከእሱ መጽሐፍ የሠራውን «ዘ ሻይኒንግ» ስላልወደደው በ1997 ራሱ ስክሪፕት ጽፎ የሦስት ክፍል የቴሌቪዥን ድራማ አሠራ። ለመጽሐፉ ታማኙ የእሱ ነው፤ ሰው የሚያስታውሰው ግን የኩብሪክን ነው። ታማኝነት ብቻውን ጥሩ ፊልም አያወጣም።

ጥያቄ፦ ስክሪፕቱን ራሴ ልጻፈው?

ናጊብ ማሕፉዝ ለግብፅ ሲኒማ ለዓመታት ስክሪፕት የጻፈ ሰው ነው፤ የራሱን ልብ ወለዶች ግን ለሌሎች ጸሐፊዎች ይተው ነበር። በአንጻሩ ሴኔጋላዊው ኦስማን ሴምቤን የራሱን አጫጭር ሥራዎች ራሱ ጽፎ ራሱ ቀረጸ። በፈረንሳይኛ የጻፈውን ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ በ1968 «ማንዳቢ»ን በአገሩ ቋንቋ በወሎፍ አቀረበለት። ሁለቱም መንገዶች ያስኬዳሉ። የማያስኬደው መጽሐፉን ከምዕራፍ አንድ እየገለበጡ መሄድ ነው።

ሒሳቡን ይመልከቱ። አንድ የስክሪፕት ገጽ አንድ ደቂቃ ያህል ይወጣዋል፤ ስለዚህ የሁለት ሰዓት ፊልም 120 ገጽ ነው፤ ያም ገጽ አብዛኛው ባዶ ቦታ ነው። የ400 ገጽ ልብ ወለድ አይገባበትም። ኤሪክ ፎን ሽትሮሃይም በ1924 የፍራንክ ኖሪስን ልብ ወለድ ከሞላ ጎደል ሳያስቀር «ግሪድ» በሚል ቀረጸው፤ የመጀመሪያው ቅጂ ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር። ስቱዲዮው ቆራርጦ ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም አወረደው፤ የተቆረጠው ዛሬ የለም።

መጽሐፉን ዘግተው ከትዝታዎ ብቻ ታሪኩን በሁለት ገጽ ይጻፉ። የራስዎን መጽሐፍ ሲሆን ይህ ይከብዳል፤ ቢሆንም ያልታወሰዎት ንዑስ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ነው። ቀጥለው ትዕይንቶቹን በየወረቀቱ ያስፍሩ፤ ከ40 እስከ 60 ይበቃሉ። በእያንዳንዱ ላይ ማን ምን እንደሚፈልግ፣ ማን እንደሚከለክለው፣ በመጨረሻ ምን እንደተለወጠ ይጻፉ። ምንም ያልተለወጠበትን ያውጡት፣ ቋንቋው ምንም ያህል ቢያምር።

ከዚያ ገፀ ባሕርያትን ማዋሐድ ይመጣል። በካዙኦ ኢሺጉሮ «የቀኑ ቅሪት» ውስጥ ለሰላም ጉባኤ የመጣው አሜሪካዊና ከዓመታት በኋላ ቤቱን የገዛው አሜሪካዊ ሁለት ሰዎች ናቸው። በ1993 ፊልም አንድ ሰው ሆኑ፤ በዚህም የቤቱ የድሮና የአሁን ዘመን በአንድ ፊት ተያያዘ። ስክሪፕቱን የጻፈችው ሩት ፕራወር ጃብቫላ ራሷም የቡከር የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘች ደራሲ ነበረች። በዚያው መጽሐፍ አሽከሩ ራሱን እያታለለ የሚተርከው ሁሉ በፊልሙ ወደ ዝምታና ወደ እጅ እንቅስቃሴ ተለውጧል። የውስጥ ሐሳብን በተራኪ ድምፅ ማስነበብ ግን ሌላው ሁሉ ሲያልቅ የሚሞከር ነው።

ጥያቄ፦ ለልብ ወለድ የሚሻለው ፊልም ነው ወይስ ተከታታይ ድራማ?

ረጅሙ ለተከታታይ፣ አጭሩ ለፊልም። አጭር ልብ ወለድ ለሁለት ሰዓት የሚበቃ ቦታ ይተዋል፤ በ2016 የወጣው «አራይቫል» ከቴድ ቺያንግ አጭር ልብ ወለድ የመጣ ነው። ተከታታይ የራሱ አደጋ አለው፦ ያላለቀ መጽሐፍ። የጆርጅ አር አር ማርቲን አምስተኛው መጽሐፍ የወጣው ከመጻሕፍቱ የተሠራው «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የተባለው ድራማ በተጀመረበት በ2011 ነበር፤ ድራማው በ2019 ሲያልቅ ስድስተኛው ገና አልወጣም፣ ፍጻሜውንም የጻፉት ሌሎች ናቸው። ሳይጨርሱ የሚሸጡ ከሆነ ፍጻሜውን ለማን፣ መቼ፣ በምን ክፍያ እንደሚነግሩ ውሉ ላይ ያስፍሩ።

ጥያቄ፦ የገፀ ባሕርያቱን ስምና ከተማውን ብቀይር ፈቃድ ያስፈልገኛል?

ያስፈልግዎታል። በ1922 ጀርመን ውስጥ «ኖስፌራቱ» ሲሠራ ካውንት ድራኩላ ካውንት ኦርሎክ ተባለ፣ ለንደንም በጀርመን ከተማ ተተካች። የ«ድራኩላ» መጽሐፍ ደራሲ የነበረው የብራም ስቶከር ሚስት ከሰሰች፤ ፍርድ ቤቱ በ1925 ቅጂዎቹ እንዲጠፉ ወሰነ። ፊልሙ ዛሬ የሚታየው ያመለጡ ቅጂዎች በመኖራቸው ነው። ሐሳብ የማንም አይደለም፤ የትዕይንቶቹ ቅደም ተከተልና የገፀ ባሕርያቱ ትስስር ግን የደራሲው ነው።

መብቱ ያለቀ መጽሐፍ ከሆነ ነፃ ነዎት። የበርን ስምምነት ዝቅተኛው ወሰን ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው፤ አውሮፓን ጨምሮ በብዙ አገሮች 70 ነው። ፊልሙ በሚታይባቸው አገሮች ሁሉ ማለቁን ያረጋግጡ፤ በአንዱ አልቆ በሌላው ሊቀጥል ይችላል። የትርጉም ሥራ የተርጓሚው የራሱ መብት ስላለው፣ የሞተ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ደራሲ መጽሐፍ እንኳ በቅርብ ከተተረጎመ ንግግሮቹን ከትርጉሙ ላይ መገልበጥ አይቻልም፤ ከመነሻው ቋንቋ ያስተርጉሙ ወይም ተርጓሚውን ያስፈቅዱ።