ደመወዝ ከመቅጣትህ በፊት መነጽሩን ራስህ አድርገው

ወንድሜ፣ «ሠራተኞቻችን የሥራ ላይ ደህንነት ስልጠና ወስደው በሳምንቱ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፤ ከደመወዝ መቅጣት ይሻላል ወይ?» ብለህ የጠየቅኸውን አነበብኩ። እኛም ቤት ያው ነበር። በአንድ የብረታ ብረት ሥራ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ያኔ የሚነግረኝ ሰው አግኝቼ ቢሆን የአንድ ባለሙያ ዓይን ይተርፍ ነበርና ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

1ኛ፦ ስልጠናውን ከአዳራሽ አውጣው። እኛ አሰልጣኝ ከውጭ ቀጥረን ግማሽ ቀን በፕሮጀክተር አስተማርን። ምሳ ተበላ፣ ፎቶ ተነሣን። ሠራተኞቹ ትምህርቱ ገብቷቸዋል፤ ብትጠይቃቸው አንድም አይስቱም። ማሽኑ ላይ ሲቆሙ ግን ሌላ ነው።

2ኛ፦ ፊርማ። እዚህ ላይ አደራህን። በስልጠናው ማብቂያ ሁሉንም ያስፈረምኳቸው እኔ ነኝ። ወረቀቱ «የደህንነት መመሪያ ተሰጥቶኛል፤ ባላከብር ኃላፊነቱ የራሴ ነው» ይላል። በሁለተኛው ወር አንድ ጎበዝ ሠራተኛ ቱቦላሬ ሲቆርጥ የግራይንደሩ ዲስክ ተሰበረና ስባሪው ግራ ዓይኑን መታው። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11 ሺህ ጊዜ ይሽከረከራል፤ ስባሪው ሲመጣ ዞር ለማለት እንኳ ጊዜ የለም። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነበር።

ካሣ ሊጠይቅ ሲመጣ የአስተዳደር ኃላፊው ያንን ወረቀት አውጥቶ «ፊርማህ አይደለም?» አለው። ፋሻው ገና ከፊቱ አልወረደም፤ ተቀመጥ እንኳ አላለውም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 96 አሠሪ ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂ ነው። ነገር ግን ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ጥሶ ከተጎዳ፣ በራሱ ላይ ሆን ብሎ እንዳደረሰው ይቆጠራል። ኃላፊው የያዘው ይህችን ነው። ወሬው በዚያው ቀን ወርክሾፑን አዳረሰ። ለሚቀጥለው ስልጠና ስጠራቸው እስክሪብቶ የሚይዝ ጠፋ። ስልጠና ማለት ለእነርሱ ካሣ የሚያስቀር ወረቀት ሆነ፤ እኔም ወረቀቱን የማዞር ሴት።

3ኛው ምክር የመጣው ከተጎዳው ሰው ነው። ቤቱ ልጠይቀው ሄጄ «ምነው አወለቅኸው?» አልኩት። «እህቴ፣ አንድ ቀን አድርገሽው ታውቂያለሽ?» አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሳምንት ያገለገለ መነጽር ከአንዱ ተቀብዬ ማሽኑ አጠገብ ቆምኩ። የብረቱ ፍንጣሪ መስታወቱን ጫጭሮት ጭስ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። ቱቦላሬው ላይ በጠመኔ የተሰመረው መስመር አይታየኝም። ከመስመሩ ውጪ የቆረጠ ሠራተኛ ደግሞ የብረቱ ዋጋ ከደመወዙ ይቆረጥበታል። ስልጠናው አድርግ ይለዋል፣ ሥራው አውልቅ ይለዋል። እኛ ግን ስንት ወር ሙሉ ግድየለሾች እያልን ስናማቸው ነበር!

መነጽር ይቀየር ብዬ ስጠይቅ ኃላፊው «አምና ተገዝቷል» ብሎ መለሰኝ። አንቀጽ 92ን አትሜ፣ መከላከያ ማቅረብ የአሠሪ ግዴታ መሆኑን በቀለም አስምሬ፣ ያችኑ ወረቀት ያወጣባት ጠረጴዛ ላይ አኖርኩለት። ከአንቀጽ 93ም ሠራተኛው የመሣሪያ ጉድለት ሲያይ ማሳወቅ እንዳለበት ጨመርኩ፤ ሠራተኞቹ ስለ መነጽሩ ለፎርማኑ ደጋግመው ተናግረዋልና። ስለ መነጽሩ ሁኔታም በጽሑፍ መሰከርኩ። ካሣው ከአምስት ወር በኋላ ተከፈለ።

ከዚያ ወዲህ የተጫጨረ መነጽር ያመጣ ሰው ያለ ምንም ጥያቄ አዲስ ይወስዳል። ስልጠናው ሰኞ ሰኞ ጠዋት አሥር ደቂቃ ሆነ፤ የሚሰጠውም እዚያው ማሽኑ ላይ ነው፣ አሰልጣኙም አንጋፋው በያጃችን ናቸው። ፎርማኑ ብቻ አስቸገረን። ትእዛዝ ሲጣደፍ ራሱ ያለ መነጽር ይገባል፤ እርሱ በገባ በሩብ ሰዓት ውስጥ ግማሹ ሰው ያወልቃል። አንድ ቀን አንጋፋው በያጅ ግራይንደሩን አጥፍተው «ልጄ፣ መነጽርህን አድርግና እንቀጥላለን» አሉት። አደረገ። እኔ በስድስት ዓመት ያላገኘሁትን እርሳቸው በአንድ ቃል አገኙት።

ቅጣቱን ለጊዜው ተወው። ያስፈረምከው ወረቀት ካለ ምን እንደሚል መልሰህ አንብበው። ነገ ጠዋት ደግሞ ከአንዱ ሠራተኛ መነጽሩን ተቀብለህ አድርገውና የጠመኔው መስመር ይታይህ እንደሆነ እየው።