ገርጂ ያለውን ቤቷን ለድርጅት ማከራየት ለፈለገችው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ገርጂ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ከነሙሉ ዕቃው አለሽ። በቀን ማከራየቱ ሰልችቶሻል። ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚይዝ ድርጅት ትፈልጊያለሽ፤ ደላሎቹ ግን የሚያመጡልሽ የሰርግ እንግዳ ብቻ ነው። እኔም የጀመርኩት ከዚያው ነው። ዛሬ ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ ያሉኝን ቤቶች በሙሉ የያዙት ድርጅቶች ናቸው። «ሶፋውን ቀይሪ፣ መጋረጃውን አሳምሪ» ያሉሽን ተያቸው። ድርጅት የሚከራየው ወረቀት አይቶ ነው።

1. ፈቃድ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ አይችልም፤ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር መብለጥ የለበትም። ሆቴልና እንግዳ ማረፊያ ግን ከዚህ አዋጅ ውጪ ናቸው። ስለዚህ የሦስት ወር ውል የምትፈልጊ ከሆነ መንገዱ የእንግዳ ማረፊያ ንግድ ፈቃድ ነው። ያ ማለት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን)፣ ሕጋዊ ደረሰኝ፣ ገቢሽ ለቫት ምዝገባ ሲደርስም 15 በመቶ ቫት ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ይሸሻል። ይሽሽ፤ ገበያው ለእኛ ይቀራል። ደረሰኝ የሌለው ቤት የቱንም ያህል ቢያምር የድርጅት ፋይናንስ አይነካውም።

2. የሚወስነውን ሰው እወቂ። ዳይሬክተሩን ለማግኘት አትድከሚ። ቤት የሚፈልገው የአስተዳደር ወይም የሎጅስቲክስ ሠራተኛው ነው። እሱ ደግሞ ጭንቀቱ ሌላ ነው። ከሦስት አከራዮች ሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ፣ አያይዞ ለአለቃው ማቅረብ አለበት። አንዱን አንቺ አዘጋጅተሽ ስጪው። የድርጅትሽ ስም፣ ቲን ቁጥር፣ ዋጋው ከነቫቱ፣ ጽዳትና ኢንተርኔት ይጨምር አይጨምር፣ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና፣ ማኅተም። አንድ ገጽ ይበቃል። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ፕሮፎርማ እስካሁን አላየሁም።

ሹፌሮቹንም አትናቂ። የትኛው እንግዳ የሆቴል ኑሮ እንደመረረው፣ የትኛው ፕሮጀክት አዲስ ሰው እንደሚያስመጣ ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው ሹፌር ነው። የመጀመሪያዋን የረጅም ጊዜ ተከራዬን ያመጣልኝ ሹፌር ነበር። ለደላላ የምትከፍይውን ለእሱ ብትከፍይ አታጪም።

3. ክፍያ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

አንድ ተቋራጭ ድርጅት ለመሐንዲሶቹ ሁለት ቤት ያዘ። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፤ ቤቴን እንደራሳቸው ነበር የያዙት። ውሉ በየወሩ መጀመሪያ ይከፈላል ይላል። ወሩ ገባ፣ ገንዘብ የለም። ፋይናንስ ክፍል ሄድኩ። ልጅቷ ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። በእስኪርቢቶዋ ጫፍ ወረቀቴን ገለበጥ አደረገችና «ማኅተሙ ፊርማውን አልነካም» አለችኝ። አስነክቼ መጣሁ። «ቲተር የለውም» አለች፤ የፈራሚው ስምና ኃላፊነት ያለበት ማኅተም ማለቷ ነው። ቲተር አስቀርጬ መጣሁ። «ፈራሚው መስክ ወጥቷል»። መቼ ይመለሳል? «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ውጪ ጠብቂ»። ውጪ ማለት ኮሪደር ነው፤ ወንበር የለውም። የልጅ እናት ነኝ፤ እንደ ለማኝ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

እዚህ ቤት ደግሞ መብራቱ፣ ውሃው፣ የጽዳቷ ደመወዝ፣ የዘበኛው ደመወዝ ከኪሴ ይወጣል። መሐንዲሶቹ ማታ ማታ ቡና አፍልተው ይጫወታሉ። ምንም አያውቁም።

በመጨረሻ ትልቁን መሐንዲስ ጠራሁትና በጨዋ ደንብ ነገርኩት። «ድርጅታችሁ አልከፈለኝም፤ ከሰኞ ጀምሮ ጽዳትና ኢንተርኔት ይቋረጣል» አልኩት። ሰውዬው በሐፍረት ቀላ። እዚያው ፊቴ ስልክ ደወለ። መስክ የወጣው ፈራሚ ለካ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ነበር የተቀመጠው! ከሰዓት በኋላ ገንዘቡ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ውሌ ውስጥ እነዚህ አሉ፦ የመጀመሪያው ክፍያ ቁልፍ ከመስጠቴ በፊት ይገባል። ክፍያ ከዘገየ አገልግሎት የሚቋረጥበት ቀን ተጽፏል። በድርጅቱ ስም የሚፈርመው ሰው የውክልና ደብዳቤ ያያይዛል። ዊዝሆልዲንግ፣ ማለትም ከክፍያሽ ላይ ቀድሞ የሚያዝ ግብር፣ ሲቆርጡም ደረሰኙን በየወሩ ተቀበይ። ዓመቱ ሲያልቅ ከግብርሽ ላይ የሚቀነስልሽ እሱን ይዘሽ ስትቀርቢ ነው። በኋላ እንጽፍልሻለን ካሉሽ አትመኚ።

4. ዶላር የሚባል ነገር አታንሺ። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ። ያኔ ጎረቤቴ «በዕለቱ ምንዛሪ ካልከፈላችሁ» ብላ ተከራዮቿን አስደነገጠቻቸው፤ ለቀቁ። በብር ተዋዋይ። ከስድስት ወር በላይ ከሆነ ዋጋው የሚከለስበትን ጊዜ አስገቢ። በቃ።

ስለ ዕቃው ብዙ አልልም። የሥራ ጠረጴዛና ደህና ወንበር ከሌለ ግን ቤቱ አይያዝም፤ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩን የሚያቆይ ኢንቨርተር፣ ሮቶ፣ የማይቆራርጥ ኢንተርኔት። የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኛ ከመጣ የደኅንነት ክፍላቸው አጥሩን፣ በሩንና ዘበኛውን ሊያይ ይችላል፤ አትቆጪ። የካቲት ላይ ለአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ የሚመጣው ብር ደግሞ አያታልልሽ። ለጥቂት ቀን እንግዳ ብለሽ የወራት ተከራይ እንዳታጪ። ክረምት ላይ የመስክ ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ውልሽ ሐምሌ ላይ እንዳያልቅ አድርጊ፤ ወይ ከክረምቱ በፊት ይለቅ፣ ወይ መስከረምን ይሻገር።

አንድ ነገር አልጻፍሽም። ካርታው በማን ስም ነው? በእናትሽ ወይም ውጭ አገር ባለ ወንድምሽ ስም ከሆነ፣ ውክልናው ላይ ማከራየትም ኪራይ መቀበልም እንደምትችዪ በግልጽ መጻፉን ዛሬውኑ አውጥተሽ እዪ። ከሌለው ፕሮፎርማውን ከመበተንሽ በፊት አስተካክዪው፤ የግዥ ክፍሉ ቀድሞ የሚጠይቅሽ እሱን ነው።