ሥዕል የማይገባው ሰው ፋብሪካ ውስጥ ያለ ሙዚየም ቢሄድ ምን ያያል?

እህታለም፣ «ለሥልጠና ኒውዮርክ ልሄድ ነው፣ አንድ ቅዳሜ ነፃ ነኝ። ቢከን የምትባል ትንሽ ከተማ ድሮ ፋብሪካ የነበረ የሥዕል ሙዚየም አለ አሉኝ። እኔ ሥዕል አይገባኝም፣ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?» ላልሽው ነው።

ሂጂ። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያውን በር ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ በየቀኑ እንደማይከፈት ሳላጣራ ነው ከቤት የወጣሁት። ሁለተኛውን ግን ከአባቴ ጋር ነበር። አባባ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በመካኒክነት ያረጁ ሰው ናቸው። ሊጠይቁኝ መጥተው ቤት መቀመጡ ሲሰለቻቸው ይዣቸው ወጣሁ። እሳቸውም እንዳንቺው «ሥዕል አይገባኝም» ባይ ናቸው። ሆኖም ከሁለታችን ብዙ ያዩት እሳቸው ናቸው።

መንገዱ ቀላል ነው። ኒውዮርክ መሐል ካለው ግራንድ ሴንትራል ከሚባለው ባቡር ጣቢያ የሃድሰን መስመር ባቡር ትይዣለሽ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ስትሄጂ በግራ በኩል መስኮት ጋ ተቀመጪ፤ ወንዙ ከጎንሽ አይለይም። አባባ «ይኼ ወንዝ ነው ሐይቅ?» እያሉ ደረሱ። ቦርከናን እያየ የኖረ ሰው ምን ይበል! ከጣቢያው ሙዚየሙ በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ታክሲ አትያዥ።

ሙዚየሙ ዲያ ቢከን ይባላል። ቤቱን በ1929 (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምነግርሽ) ናቢስኮ የተባለው የብስኩት ኩባንያ ለካርቶን ማተሚያ ነው የሠራው። ሙዚየም ሆኖ የተከፈተው በ2003 ነው። የደሴው ሙዚየም የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ አልነበር? እዚያ ስትገቢ ስለ ባለቤቱ ታስቢያለሽ። እዚህ ደግሞ ሳታስቢው ስለ ሠራተኛው ማሰብ ትጀምሪያለሽ።

አባባ ገና እንደገቡ ግድግዳውን ትተው ወደ ላይ አንጋጠጡ። ጣሪያው እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ ነው፣ ከ3,000 ካሬ ሜትር በላይ መስታወት አለው። «ወደ ሰሜን ነው የዞረው» አሉ። እንዴት አወቁ ስላቸው፣ «ማተሚያ ቤት አይደል? ፀሐይ በቀጥታ ከገባ ቀለም ያታልላል፣ የሠራተኛውንም ዓይን ያጠፋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኛ አገር ሰኔ ላይ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ እዚያ ግን ዓመቱን ሙሉ ቀትር ላይ በደቡብ ናት። ስለዚህ በሰሜን የሚገባው ብርሃን ለስላሳ ነው፣ አይወጋም። ለካርቶን የታሰበው ብርሃን አሁን ለሥዕል ሆነ ማለት ነው። ሙዚየሙ በአብዛኛው የሚታየው በዚሁ ብርሃን ስለሆነ ደመና ሲያልፍ ክፍሉ ደብዘዝ፣ ሲገለጥ ፈካ ይላል። ከኅዳር እስከ የካቲት ከሆነ የምትሄጂው ቀኑ አጭር ነው፣ ጠዋት እንደተከፈተ ግቢ።

ከዚያ ሪቻርድ ሴራ የተባለው ቀራፂ የሠራቸው ብረቶች አሉ። ቁመታቸው 4 ሜትር ገደማ የሆነ ወፍራም ዝገታም ብረት፣ ተጠማዝዞ እንደ አጥር ክብ ሠርቷል። መሐሉ ትገቢያለሽ። ግድግዳው አንዴ ወዳንቺ ያዘነብላል፣ አንዴ ይሸሻል። እኔ ትንሽ አዞረኝ። አባባ እጃቸውን ሊያስጠጉ ሲሉ ጥበቃዋ በትሕትና «አይነካም» አለቻቸው። እሳቸው ደግሞ «በምን ክሬን አስገቡት? ብለሽ ጠይቂልኝ» ብለው ያዙኝ!

ማይክል ሃይዘር የተባለው ሠዓሊና ቀራፂ ሥራ ደግሞ ወለሉ ውስጥ የተቆፈሩ አራት ጉድጓዶች ናቸው፣ 6 ሜትር ያህል ይጠልቃሉ። ዝም ብሎ ጉድጓድ ነው፣ ግን ስታዪው ሆድሽ ይሸበራል። ዳን ፍላቪን የተባለው ሌላው አርቲስት ሥራ ከሱቅ የሚገዛ የፍሎረሰንት መብራት ነው። አባባ «ይኼንንማ ስንት ዓመት ስቀይር ኖሬያለሁ» ብለው ሳቁ፤ ሆኖም አረንጓዴው ብርሃን ጋ ቆመው ቀሩ። ነጭ በነጭ የሆኑ ሸራዎች የተሰቀሉበት ክፍል ግን ለእኔ ምንም አላለኝም፣ አልዋሽሽም። ካልሳበሽ እለፊው፣ ማንም አይፈትንሽም።

የሚመች ጫማ አድርጊ፣ ቤቱ ሰፊ ነው። ሹራብም ያዥ። ቲኬቱን በኢንተርኔት አስቀድመሽ ቁረጪ፣ የሚከፈትበትንም ቀን እዚያው አረጋግጪ፣ እንደኔ እንዳትሆኚ።

አባባ አሁን ኮምቦልቻ ናቸው። በደወልኩ ቁጥር «ያ ሁሉ መስታወት ዝናብ ሲመጣ አያፈስም?» ይሉኛል። እኛ የሄድን ቀን ጠራራ ፀሐይ ስለነበር እስካሁን መልስ አላገኘሁላቸውም። ዝናብ ከያዘሽ ቀና ብለሽ አይተሽ ንገሪኝ።